ከቆመ መኪና የወጣ ጥቁር ዘይት

ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጠብታ» ነው የሚሉት። ሰውዬው የሞተር ዘይት ጠብታ ሳያይ አፉን አይከፍትማ! ባለመኪናው «እንዲህ ያንኳኳል፣ እንዲህ ያጨሳል» እያለ ሲነዘንዘው እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይልና ኮፈኑን ከፍቶ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዝዞ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያያታል። የማር መልክ ካላት ገና አዲስ ናት። ከጠቆረች ሠርታለች፣ የሞተሩን ጥላሸት አጥባ ይዛለች፤ በዚህ አይደነግጥም። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለች ውሃ ገብቶባታል። ብርማ ብናኝ ካብለጨለጨባት ግን ብረት ብረትን እየፋቀ ነውና «በል መኪናህን ተሰናበታት» ይላል፣ ያውም ሳይስቅ። ባልደረቦቹ «ጠብታ፣ እስቲ የኔንም ደም እይልኝ» እያሉ ይቀልዱበታል።

የታላቅ እህቱ ባል የሞተ ጊዜ፣ ለቀስተኛው ገና ሳይበተን፣ ጠብታ እቤቷ ካለው የመኪና ማቆሚያ ገብቶ የሟቹን መኪና ዘይት ቀየረ። ያየው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ጨርቁን ሊጥል ነው እንዴ?» አለ። ይበሉዋ! አማቹን ከልቡ ይወደው ነበር፣ ሐዘኑን በሌላ መንገድ ማውጣት አላወቀበትም። ዘይቱን ሞላ፣ የባትሪውን ገመድ አጠበቀ፣ ኮፈኑን ዘጋ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋን የሚነዳት አልነበረም፤ እህቱ መንዳት አትችልም።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእህቱ ልጅ ዓይኗ አብጦ ጋራዥ ድረስ መጣች።

«አጎቴ፣ እማዬ አባባ ይመጣል ማለት ጀምራለች።»

«የት ነው የሚመጣው?»

«ጎህ ሲቀድ መኪናዋን ያስነሳል ትላለች፤ ሥራ ሊሄድ ሲል እንደሚያሞቃት። ቀን ቀን ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል፣ ያለችበት ይጠፋታል። ብቻዋን እንዴት ልተዋት? ቤቱን ዘግቼ እኔ ጋ ልውሰድሽ ስላት፣ ሬሳዬ ካልሆነ ከዚህ አልወጣም አለች። ካንተ ሌላ የምታምነው ሰው የለም። ዘይቱን አይተህ ሞተሩ እንዳልተነሳ ንገራት፣ በቃ።»

«ዘይቱ እንደነበረ ካገኘሁት ትሄዳለች?»

«ምላልኛለች።»

አብረው ሄዱ። እህቱ በፈገግታ ተቀበለቻቸው። ከስታለች፤ ጉንጯ ግን ያለ ወትሮው ቀልቷል። መኪናዋ የቆመችበት ክፍል ከመኝታ ቤቷ ጋር በአንዲት በር ይገናኛል። የመንገዱ ትልቅ በር እንደተቆለፈ ነው። ከኋላ ጎማው እስከ ግድግዳው የሸረሪት ድር ተዘርግቷል፤ አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ጣራዋ ላይ በጣት የሚጻፍበት አቧራ አለ።

«አየሽ እማዬ?» አለች ልጅቱ።

ጠብታም ልቡ ረጋ አለ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘንጓን መዘዘ።

ዘይቱ ጥቁር ነው። ድቅድቅ ያለ ጥቁር! ወረቀቱ ላይ ጠብ ሲያደርጋት ቤንዚን ቤንዚን ሸተተችው። የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ፤ ከሥሩ ነጣ ያለ አረፋ ተጋግሯል። ይቺ መኪና ትነሳለች። በብርድ ትነሳለች፣ በቅጡ ሳትሞቅ ትጠፋለች፣ በሌላው ቀን ደግሞ ትነሳለች። ያውም ከቆመችበት አንድ ስንዝር ሳትሄድ።

እህቱ ከት ብላ ሳቀች። «አላልኳችሁም? አበደች ስትሉኝ ከረማችሁ!»

ልጅቱ ግድግዳውን ተደገፈች። «አጎቴ፣ በናትህ እንዳትቀልድ።»

ጠብታ የሾፌሩን በር ከፈተ። ሟቹ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በየበሩ ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሰው ነበር። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍቶ ነው የሚቀመጠው። አሁን ወንበሩ መሪው ሥር ድረስ ተስቧል። እህቱ ደግሞ የባሏ ትከሻ ላይ እንኳ አትደርስም ነበር። የመኪናው ቁልፍ የሚሰቀለውም ከራስጌዋ ነው።

ወይ ጉድ! ራስ ምታቱ፣ ማስመለሱ፣ የጉንጯ መቅላት ሁሉ አሁን ገባው። ጭሱ መውጫ የለውም፤ በአንዲቷ በር ሥር ወደ አልጋዋ ይሄዳል። እናገር ቢል፣ ልጇ ፊት እብደቷን ሊመሰክርባት ነው። ዝም ቢል፣ አንዱን ጎህ ሬሳዋን ሊያወጡ ነው። መኪናዋን አሰናድቶ የተወላት ደግሞ ማን ሆነና? እሱው ራሱ!

«እናትሽ አልዋሸችም፤ ሞተሩ ተነስቷል» አለ በመጨረሻ። ወዲያው ባትሪውን ፈቶ አወጣ። «ደክሟል፤ ቻርጅ ላድርገው።»

የእህቱ ሳቅ ተቋረጠ። «ታዲያ ነገ ሲመጣ በምን ያስነሳታል?»

ጠብታ ባትሪውን አንስቶ ታቀፈ። «ዛሬ እዚሁ አድራለሁ» ብቻ አለ።

ጎህ ሲቀድ፣ ሳሎን ከተኛበት አንድ ድምፅ ቀሰቀሰው። ቀጭ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ። የእህቱን መኝታ ቤት አልፎ ሲሮጥ አልጋዋ ባዶ ነው። እህቱ በሌሊት ልብሷ መሪው ጋ ተቀምጣ ቁልፉን ታዞራለች፣ ትመልሳለች፣ ታዞራለች። ዓይኗ እንደተከፈተ ነው፤ እሱን ግን አያይም።

«እታለም!» ብሎ እጇን ያዘ። እጇ በረዶ ሆኗል።

ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ተመለሰች። ቁልፉን የጨበጡትን ጣቶቿን ትክ ብላ አየቻቸው።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ።»

«እሱስ?»

«እሱንማ ቀበርነው፣ እታለም። በዚያ ጭስ እኮ አንቺም ልትሞቺብን ነበር!»

እህቱ ጎኗ ያለውን ባዶ ወንበር ዞር ብላ አየችው።

«እሱም እኮ እንደዚያ ነው የሚለኝ» አለች። «‹አይዞሽ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ› ይለኛል።»