ጎመን የተሰጣት ውሻ

ሥጋ ቤቴ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ቢላዬን በሞረድ መሳል ስጀምር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ደጃፌ ላይ ይሰበሰባል፤ ከሞረዱ ድምፅ ቀጥሎ ሳንባ እንደሚመጣ ያውቁታላ። ሚስቴ ሳንባና ጅማቱን በሳፋ ይዛ ትወጣና ትወረውርላቸዋለች። ከሁሉም ቀድማ የምትቀርበው አንዲት ቡናማ ውሻ ነበረች። አመለ ሸጋ ስለሆነች ሚስቴ በእጇ ነበር የምታጎርሳት።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤት ይዘጋል። እኔ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ላይ የማፈጥ ሰው አይደለሁም። በዚያው ቤት ጎመንና ዱባ መቸርቸር ጀመርን። ዱባ በደነዘዘ ቢላ አይቆረጥምና ሞረዴን አንስቼ ሳልኩ። መጡ! ምራቃቸውን እያዝረከረኩ መጡ። ምንም የለም። በማግስቱም መጡ፣ ምንም የለም። ጾም መግባቱን ለውሻ ማን ይነግረዋል?

ተስፋ ቆርጠው ይሄዳሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ባሰባቸው! ድሮ ዝም ብለው ይጠብቁ የነበሩት መጮህ፣ በሩን በጥፍር መቧጨር፣ ከዚያም እርስ በርስ መነካከስ ጀመሩ። አንዱ የሌላውን ጆሮ ገንጥሎ ደሙ ደጃፌ ላይ ተረጨ። ደንበኛ ሸሸኝ። ድንጋይ ወረወርኩ፣ ፍልጥ ወረወርኩ፣ የአባታቸውን ዘር ሁሉ ሰደብኩ። ዞር ይሉና ሞረዱን ሲሰሙ ይመለሳሉ።

ሚስቴ አንጀቷ አይችልም። "ባዶ አፋቸውን ከሚመለሱ" ብላ አንድ ቀን ያንን ሳፋ የጎመን ቅጠል ሞልታ ወጣች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ውሻም ልታስጾሚ ነው?" ብዬ ሳቅኩባት።

ሳፋውን ሲያዩ ጸጥ አሉ። ቡናማዋ ጭራዋን እየቆላች ቀረበች። ሚስቴ እንደ ልማዷ ቅጠሉን በእጇ ዘረጋችላት። ውሻዋ አሸተተችው፤ አፏን ሳፋው ውስጥ ከታ በረበረች፤ ከዚያ ቀና ብላ ክንዷን ነከሰቻት። ነክሳም አልለቀቀችም፣ እየነቀነቀች ጎተተቻት። በቢላው ጀርባ አፍንጫዋን ስላት ነው የለቀቀችው። የሚስቴ ክንድ ተተልትሎ ሥጋው ተንጠልጥሏል። ስንቱን ሰንጋ የበለትኩት ሰውዬ ፊቴን አዞርኩ።

"አብዳለች!" አለ ሰፈሩ። ዱላ ያልያዘ አልነበረም። እኔ ሚስቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ቁስሏን አጥበው መርፌ ጀመሩላትና፣ "ውሻዋን አስራችሁ ጠብቋት እንጂ አትግደሏት። ሳትታመም ከሰነበተች በሽታው የለባትም ማለት ነው" አሉን።

ሚስቴ በደህናው እጇ ክንዴን ጨመደደችው። "እንዳይገድሏት! መትረፌን የምትነግረኝ እሷ ብቻ ናት" አለችኝ። እኔ በገዛ እጄ ባርዳት ደስ ባለኝ። እሺ አልኳት።

ሰፈር ተመልሼ ሞረዴን አነሳሁና ቢላውን መሳል ጀመርኩ። የት ትምጣ! ባለዱላዎቹ ሲጠጓት እየሸሸች ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታየኛለች እንጂ ንቅንቅ አላለችም። ከዚህ ድምፅ በኋላ ምንም እንደሌለ ገብቷታል። ጎረቤት ወዳለው የሙስሊም ሥጋ ቤት ሮጥኩ። ባለቤቱ ሳንባ ጠቅልሎ ሰጠኝና "አብሽር ወንድሜ፣ ወላሂ ብር አልቀበልህም፣ ሩጥ!" አለኝ። በሁዳዴ ሥጋ ይዤ ስሮጥ ያዩኝ አንዲት እናት "በስመ አብ! ጾም ሊገድፍ ነው!" ብለው አማተቡብኝ። መልስ ለመስጠት እንኳ ፋታ አልነበረኝም።

ሳንባውን ወረወርኩላት። ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል በሆዷ እየተሳበች መጣችና ጎረሰችው። ገመዱን አንገቷ ላይ አጠለቅኩት።

"ይዣታለሁ! ማንም እንዳይነካት!" ብዬ ስጮህ የመጀመሪያው ዱላ ወገቧ ላይ አረፈ። ከዚያማ ዘነበባት። ገመዱን ሳልለቅ አንዱን ጉሮሮውን አነቅኩት፤ ሌላው ትከሻዬን በፍልጥ አለኝ። ጭንቅላቷን ሲሏት ቋ ሲል ሰማሁ። እሷ ግን ሳንባውን አልጣለችም። እየተመታች ታኝካለች፣ እየተመታች ትውጣለች። በመጨረሻ ገመዱ እጄ ላይ ከበደ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ከጤና ጣቢያ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። "አሰርካት?" አለችኝ።

"ገደሏት" አልኳት።

ፊቷ አመድ መሰለ። "በልታ ነበር? እብድ ውሻ መዋጥ አይችልም ይላሉ" አለች።

"በላች። እየደበደቧት ሙልጭ አድርጋ ዋጠችው።"

መርፌውን ግን የግድ መጨረስ አለብሽ ብዬ ልጀምር ስል አልሰማችኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና "ርቧት ነበር እኮ! ርቧት ነው እኮ!" እያለች ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰችላት።