አራት ፍሬ፣ አንድ ጊዜ

በዚያ ክረምት የተሰጠኝ ሥራ ከመድኃኒት ቤታችን መስኮት ትንሽ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ መድኃኒቱን ተቀብሎ የሚወጣውን ሰው መጠየቅ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ከማርቆስ ብዙ አይርቅም። የመድኃኒት አሰጣጣችን ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ይለካ ተብሎ አለቃችን ቅጽ ሰጠኝ። የታዘዘው ሁሉ ተገኝቷል? ከረጢቱ ላይ ስም ተጽፏል? አወሳሰዱ ተጽፏል? ሕመምተኛው እንዴት እንደሚወስደው ያውቃል? መልሱ አዎ ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ።

ሥራውን ወድጄው ነበር። መስኮቱ ውስጥ ሆኜ መድኃኒት ሳድል ሰልፉ ስለሚያጣድፈኝ የሰው እጅ እንጂ ፊት አላይም። ውጭ ስቆም ግን ሰው አየሁ። ከየገጠሩ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው የመጡ ሰዎች ቆመው ያወሩኛል፤ አንዳንዶቹ ይመርቁኛል።

እማማንና ባላቸውን ያገኘኋቸው እንዲህ ቆሜ ነው። ስማቸውን ስለማልጽፍ እማማ እያልኩ ልቀጥል። ከይጁቤ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። የመገጣጠሚያ ሕመም ጣቶቻቸውን አጣሞባቸው ከረጢቱን እንኳ መያዝ ስላቃታቸው የያዙላቸው ባላቸው ናቸው። ባላቸው ቄስ ናቸው፤ ነጭ ሻሻቸው ዝናብ መትቶት ግንባራቸው ላይ ተለጥፏል።

"እማማ፣ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱት ይነግሩኛል?" አልኳቸው።

"እኔ ምኑን አውቄ፤ እሱን ጠይቂው" አሉና ወደ ባላቸው ዞሩ። "እኔ የምፈልገው እንዝርት መያዝ ብቻ ነው። ፈትል ከተውኩ ሁለት ዓመቴ።"

ቄሱ ሁለቱን ከረጢቶች ተራ በተራ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡልኝ። "ይኼኛው በቀን አንድ ፍሬ። ይኼኛው ደግሞ አራት ፍሬ፣ አንድ ጊዜ።"

"ልክ ነው አባ" አልኳቸው፤ ራይት አደረግሁ። ከኋላቸው ሌላ ሰው እየወጣ ነበር።

ሁለተኛው መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ መንገዳቸው ሩቅ ስለሆነ የስድስት ወሩ ባንድ ላይ ተሰጥቷቸዋል። ሐኪሙ ማዘዣው ላይ በትክክል ጽፎታል። ከረጢቱ ላይ የጻፈችው ባልደረባዬ ግን "በሳምንት" የምትለዋን ቃል ዘለለቻት። በቃሌ ነግሬያቸዋለሁ ትላለች፤ ነግራቸው ይሆናል። እኔም መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ ከተወሰደ ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ። "አንድ ጊዜ ማለት መቼ መቼ ነው አባ?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አልጠየቅሁም።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ላይ አለቃችን ውጤቱን አነበበልን። ከረጢት ላይ መጻፍ፣ ጥሩ። የሕመምተኛ ዕውቀት፣ በጣም ጥሩ። አጨበጨብን። እማማ ያን ጊዜ አፋቸው መቁሰል ጀምሮ እንደነበር ኋላ ነው ያወቅሁት።

በሦስተኛው ሳምንት በቃሬዛ ተይዘው መጡ። ከንፈራቸው ተላልጧል፣ ድዳቸው ይደማል፣ ክንዳቸው ላይ ማንም ሳይመታቸው የበለዘ ነገር ወጥቷል። ሐኪሙ መድኃኒቱን ለማየት ከፋርማሲ ሰው ሲያስጠራ የሄድኩት እኔ ነኝ።

"ምን ምን ይወስዱ ነበር አባ?" አላቸው ሐኪሙ።

ቄሱ ከጋቢያቸው ሥር ከረጢቶቹን አወጡ። "አንድም ቀን አላጎደልንም" አሉ። ድምፃቸው ኩራት ነበረበት። "ጠዋት ጠዋት አራቱን ፍሬ ቆጥሬ በእጄ እሰጣት ነበር። አፏ ሲቆስል እንኳ ውኃ ውስጥ አሟሙቼ አጠጣኋት።"

ሐኪሙ ከረጢቱን አንብቦ ለእኔ አቀበለኝ። እኔም አነበብኩት። ሁለታችንም ቄሱን ማየት አቃተን።

መርዙን የሚያረክስ መርፌ አለ፤ እኛ ጋ ግን አልነበረም። ማርቆስ ጠየቅን፣ ባሕር ዳር ደወልን፣ አዲስ አበባ ደወልን። ተገኘ፣ ይላካል ተባለ። እስኪመጣ በየሰዓቱ እየሄድኩ አያቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ሳረጥብላቸው ቀኝ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡና ጣቶቻቸውን ቀስ ብለው ዘረጉ፣ አጠፉ።

"ጣቴ እኮ ተፍታቶልኝ ነበር" አሉኝ፤ ቃሉ ከቆሰለው አፋቸው በግድ ነው የወጣው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አረፉ። መርፌው የደረሰው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ለቄሱ እውነቱን የነገራቸው የለም። "ሕመሙ በረታባቸው" ተባሉ፤ አስከሬኑን በሚኒባስ ይዘው ሄዱ። እኔ ቢሮ ገብቼ የሞላኋቸውን ቅጾች አገላብጬ የእሳቸውን አገኘሁ። የእጄ ጽሑፍ ነው። ሁሉም ራይት ነው።

ለአለቃችን ሳሳየው በሩን ዘጋና "ብትነግሪያቸው ሴትዮዋን አትመልሻትም። በሰውየውም ላይ ጭንቀት ነው የምትጨምሪባቸው" አለኝ። ከልቡ እንጂ ለመሸፋፈን ብሎ አልመሰለኝም። እኔም ለጥቂት ሳምንት በዚህ ሐሳብ ተደገፍኩ። ግን "በእጄ እሰጣት ነበር" ያሉት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አንድ ቀን መድኃኒቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ከረጢቱን አይቶ ቢነግራቸውስ? ብቻቸውን ሆነው ቢያውቁትስ?

በአርባቸው ማግሥት ይጁቤ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ሄድኩ። ጤፉ ማዘርዘር ጀምሮ ነበር። ቄሱ ደጃፋቸው ላይ ከአግዳሚው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወዲያው አወቁኝ፤ "ከንፈሯን ያረጠብሽላት ልጅ" አሉ፣ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። ይህ ደግሞ ይባስ ከበደኝ።

ሳልቀመጥ ነገርኳቸው። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን እንደነበረ፣ ቃሉ ከከረጢቱ እንደቀረ፣ እኔ መጠየቅ የነበረብኝን እንዳልጠየቅሁ፣ ሁሉንም።

ከዚያ "እንግዲያ የሰጠኋት እኔ ነኛ" አሉ።

"እርስዎ የተጻፈውን ነው ያነበቡት አባ። ጥፋቱ አጉድለን የጻፍነው፣ አጣርተን ያልጠየቅንዎት የእኛ ነው።"

"አዎ፣ አንብቤልሻለሁ" አሉ መሬት መሬት እያዩ። "እኛ ዘንድ ንባብ የወጣን ተማሪ ተማረ አንለውም። ትርጓሜው ገና ይቀረዋል። ምነው ያን ዕለት ትርጓሜውን ብትጠይቂኝ?"

አለቀስኩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

"መጥተሽ መንገርሽ ደግ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "አልተቀየምኩሽም ማለት ግን ዛሬ አልችልም። ሂጂ ልጄ፣ ሳይመሽብሽ።"

ስመለስ ሁሉንም ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኩ። ከረጢቱን የጻፈችው ልጅ ተነሥታ ወጣች፤ ሳምንት ሙሉ ሥራ አልገባችም። አለቃችን ግን ቅጹን እንድንቀይር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ "እንዴት ይወስዱታል?" ብለን አንቆምም። "ነገ ጠዋት የሚውጡትን መዳፍዎ ላይ ያሳዩኝ። ከነገ ወዲያስ? እሑድስ?" እንላለን። በሳምንት አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ከረጢቱ ላይ የቀኑ ስም በቀይ ይጻፋል፤ "ሰኞ ብቻ" ተብሎ።

በአዲሱ ጥያቄ መጀመሪያ ስንለካ ውጤታችን ወደቀ። ገጽ ሙሉ ኤክስ። አለቃችን ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ፤ "ይኼን ለበላይ እንዴት ነው የምናሳየው?" አለ። አሳየነው። ተወቀስንም። እስክንሻሻል ከዓመት በላይ ፈጀብን፤ እስከ ዛሬም በሳምንት አንዴ የሚወሰደውን መዳፋቸው ላይ ለሰባቱም ቀን ቆጥረው የሚያሳዩኝ ሰዎች አሉ። እጃቸውን ይዤ አስቆማቸዋለሁ።

ቄሱ እኛ ሆስፒታል ተመልሰው አልመጡም። ባለፈው ዓመት ከዚያው ቀበሌ የመጣች ሴት አግኝቼ ስለሳቸው ጠየቅኋት።

"ደህና ናቸው፣ ይቀድሳሉ" አለችኝ። "ግን ኪኒን የሚባል አይነኩም። ግፊት አለብዎት ተብለው ነበር፤ የተሰጣቸውን መድኃኒት ሳይከፍቱት አጥሩ ሥር ቀበሩት።"

ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ። ሴትዮዋ ልትሄድ ስትል ተከትያት ወጣሁና የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማን እንደሆነች ጠየቅኋት። ነገረችኝ። በማግሥቱ ደወልኩላት። ቄሱን በየጊዜው ሄዳ ግፊታቸውን እንድትለካ፣ ስለ መድኃኒት ቶሎ አንሥታ እንዳታስጨንቃቸው፣ የእኔንም ስም እንዳትጠራ ለመንኳት። አሁንም አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። ይለካሉ፣ ያወራሉ፣ መድኃኒቱን ግን አልጀመሩም።