የቁልቁለቱ ሰዓት

በማኅበራችን መጋዘን የዘር ጭነት የማስወጣው እኔ ነኝ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ አህያ መጫን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት የዕቅድ ባለሙያ ተመደበችልን፤ ለልጅነት የምትደርሰኝ፣ ትሁት ሴት። ለየትኛው ቀበሌ ስንት ኩንታል፣ በስንት አህያ፣ በየት በኩል፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ሁሉ ላፕቶፗ ላይ ያለው ፕሮግራም ያወጣዋል።

«ከወንዙ ማዶ ላለው ቀበሌ ስምንት አህያ ይበቃል» አለችኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ የገደሉ አፋፍ ላይ ይደርሳሉ። ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ሰባት ላይ ወንዙን ይሻገራሉ። ይስማማሉ አባቴ?»

አልተስማማሁም። የተጫነች አህያ የምትፈራው ዳገት አይደለም፣ ቁልቁለት ነው። ጭነቱ ወደ አንገቷ ይንሸራተታል፤ በጭራዋ ሥር የሚያልፈው ጠፍር ይቆርጣታል፤ በየመታጠፊያው ቆሞ ማስተካከል አለ። እኛ ዘንድ ይህን የማያውቅ የለም። ግን የተማረ ሰው የሠራውን ምን ብዬ ላርም? «እሺ» አልኩና ሰዓቱ የተጻፈበት ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

ጭነቱን ይዞ የሄደው ታናሽ ወንድሜ ነው።

የወንድሜ ስልክ ያለበት ቦታ ላፕቶፑ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጥቧ ስድስት ሰዓት ላይ አፋፉ ጋ ደረሰችና ቆመች።

«ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ስለሌለ ነው» አለችኝ። ሰባት ሰዓት ሲያልፍ ደግሞ፣ «አሁን ተሻግረዋል» አለች።

በጣቴ ቆጠርኩ። ወንድሜ ወንዙ ጋ የሚደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሐምሌ በዚያ ሰዓት ደጋው ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ታች ፀሐይ እያለ እንኳ ወንዙ ድንገት ሞልቶ ይመጣል። ወጥቼ አየሁ። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጠቁሯል። ተመልሼ ገባሁ።

«ልጄ፣ አልተስማማሁም ነበር» አልኳት፤ ስለ ቁልቁለቱም ነገርኳት።

ፊቷ ተለወጠ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ሁለታችንም ያቺን ነጥብ እያየን ተቀመጥን። ልጸልይ ብዬ ከወንድሜ ስም በቀር ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ፣ ውሃው ሞልቷል፤ ጩኸቱ ከላይ ይሰማል። አህዮቹን ቁልቁለቱ መሐል ላይ አራግፌ፣ ልደውል ብዬ አፋፉ ላይ ወጣሁ።»

«ወንዙ ጋ አልደረስክም?»

«ጠፍሩ እየተበጠሰ እንዴት ልድረስ? ወረቀቱ ሰባት ሰዓት ይላል አሉ። እኔም አህያዋም ማንበብ አንችልም። እርስዎ አንብበው እንዴት ፈረሙ?»

ዘሩ በነጋታው ውሃው ሲጎድል ተሻገረ።

ባለሙያዋ ፕሮግራሙን ከፈተችና፣ «የቁልቁለቱን ሰዓት እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

«ሦስት» አልኳት። ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ የሚያወጣው የእኔን ሰዓት ነው፤ ቢሳሳት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጭነት በወጣ ቀን እህል አይወርድልኝም። ነጥቧ ከወንዙ ማዶ እስክትታይ ከባለሙያዋ ጀርባ እቆማለሁ።