እግዜር ባርኔጣውን ያነሳ ዕለት

ከመገናኛ ቡልቡላ ድረስ ሁለት ታክሲ ተጋፍቼ፣ ሊፍት የሌለውን ኮንዶሚኒየም ጉልበቴን እያማረርኩ ወጥቼ፣ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ ከሳሎን አንድ የጥሩምባ ዜማ መጣና እንዳጎነበስኩ ቀረሁ። ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ በስልኳ ካርቱን እያየች ነው። ስክሪኑን ገና አላየሁትም፤ ግን ዜማው ሲያልቅ አንድ በር ጓ ብሎ እንደሚዘጋ፣ ቀጥሎም ራሰ በራው ፀጉር አስተካካይ እንደሚያስነጥስ አውቅ ነበር። በሩ ተዘጋ፣ ሰውየውም አስነጠሰ።

ያደግነው ገርጂ ነው፣ ከኢምፔሪያል ሆቴል ወደ ውስጥ ሲገባ፣ መንገዱ ገና ጭቃ በነበረበት ጊዜ። አባዬ ከወለጋ የመጣ፣ የቸርቻችን ጉባኤ ሽማግሌ የነበረ ሰው ነው፤ ዲሽ ያስተከለውም ስብከትና መዝሙር ልንሰማበት ነበር፤ ግን ዲሽ የተፈለገውን ብቻ ለይቶ አያመጣምና ከመዝሙሩ ጋር ይሄ የካርቱን ፀጉር አስተካካይ ቤታችን ገባ። ሰውየው ችግር በገጠመው ቁጥር የፀጉር ቤቱን ስልክ አንስቶ እግዜር ጋ ይደውላል፤ እግዜር ደግሞ መነጽር ያደረገ፣ ጠረጴዛው በወረቀት የተሞላ፣ ቀበሌ ውስጥ ብናገኘው የማይገርመን ሽማግሌ ነው። ከቤታችን እንግሊዝኛ አጥርታ የምትሰማው ታላቅ እህቴ ኤልሲ ብቻ ነበረች። አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንዱ ተናግሮ በጨረሰ ቁጥር «ምን አለ?» ይላል፣ ኤልሲ ትተረጉማለች።

የኤልሲ ነገር የሚገርመው ሁልጊዜ ቀድማ መሳቋ ነው። ሆዷን ይዛ ትስቅና እንባዋን ጠርጋ «ጌታን አመሰገነ» ትለናለች፤ ወይም «ጸሎት ያስፈልጋል አለ»። እኛ ምኑ እንዳሳቃት እየተገረምን ጌታን ባመሰገነው ሰውዬ ደስ ይለናል። እማዬ ይቺ ልጅ በባዶ ሜዳ ነው የምትስቀው ትል ነበር። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ አብዝታ ዝም በይ የምትባለው፣ ጸሎት ሲረዝም አንድ ዓይኗን ገልጣ የምታየንም እሷ ነበረች።

አንድ እሁድ ከቸርች ስንመለስ አባዬ ከጎረቤት መሰላል ተውሶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከጉባኤው አንድ ወንድም ያ ካርቱን በፈጣሪ የሚያፌዝ ነው ብሎት ኖሯል። ዛሬ አንድ የድፍረት ቃል ከሰማሁ ዲሹን አወርዳለሁ ብሎ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ለእኔ በዚያ ዕድሜ ያ ዲሽ ወረደ ማለት የሳምንቱ ደስታ በሙሉ አለቀ ማለት ስለነበር፣ ካርቱኑን ትቼ በተከፈተው በር መሰላሉን ሳይ ነበር።

ሰውየው ስልኩን አንስቶ እያለቀሰ ብዙ አወራ። እግዜር ትንሽ ካዳመጠው በኋላ የስልኩን አፍ በእጁ ሸፍኖ አጠገቡ ለቆመው መልአክ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ስልኩን ለመልአኩ አቀበለና ባርኔጣውን ከመስቀያው አንስቶ ወጣ። ኤልሲ ፍርፍር ብላ ሳቀች። አባዬ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበና «ሰውየው እያለቀሰ የት ነው ጥሎት የሚሄደው?» አለ።

የኤልሲ ሳቅ ቀጥ አለ። እሷም መሰላሉን አየችው።

«ወደሱ ነው የሚሄደው፣ አባዬ» አለች። «ይሄ በስልክ የሚሆን አይደለም፣ ራሴው እሄዳለሁ፣ እስክደርስ ግን ወሬውን እንዳያቋርጥ አደራ ነው ያለው።»

አባዬ በመዳፉ ዓይኑን ጠረገና «አሜን» ብሎ ተነሳ፣ መሰላሉንም ለባለቤቱ መለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ቤታችን ለጸሎት ለተሰበሰቡት ሰዎች ከየት እንዳገኘው ሳይናገር ይሄንኑ አካፈላቸው፤ አንዲት ሴትዮ አለቀሱ። ኤልሲ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትበላ ነበር።

እኔ ያንን ቃል ይዤው አደግኩ። እማዬ ታማ የተኛች ጊዜ ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ለእግዜር ሳወራ አልቸኮልኩም፤ መንገድ ላይ ነው፣ ኢምፔሪያል ጋ ተዘግቶበት ይሆናል እያልኩ ወሬዬን እቀጥላለሁ። እማዬ አልተነሳችም። ያኔም እንኳ አልተቀየምኩትም፤ የዚህን ከተማ መንገድ አውቀዋለሁ። ኋላ አባዬም አለፈ፣ ቸርች መሄዱም ቀስ በቀስ ቀረ፤ ተጣልቼ ሳይሆን ደክሞኝ ነው። ወሬውን ግን አላቋረጥኩም ነበር፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜም በልቤ አወራለሁ። ከዚያ ሁሉ የቀረኝ እሱ ነው።

ዛሬ ከልጄ ጀርባ ቆሜ ሳይ ያው ክፍል መጣ። ሰውየው አለቀሰ፣ እግዜር የስልኩን አፍ ሸፈነ፤ ዛሬ እንግሊዝኛው ይገባኛል። መልአኩን ያለው «ይሄ አልቃሻ ደሞ መጣ፤ ምሳዬን በልቼ እስክመጣ ዝም ብለህ እህ፣ እህ በለው» ነው። ልጄ ሳቀች። ያስቃል፣ እውነቴን ነው፤ እኔም መሳቅ ፈልጌ ነበር። እማዬ አልጋ አጠገብ ያወራሁት ሁሉ ትዝ ሲለኝ ግን ወደ ጓዳ ገብቼ ለኤልሲ ደወልኩ።

ኤልሲ ዛሬ የጸሎት ሰው ናት፣ ከጸሎት ቤት የማትጠፋ። ስለ ካርቱኑ ስነግራት ልጅቷን እንዲህ ያለ ነገር ታሳያለሽ ወይ ብላ ተቆጣችኝ፤ እሷ ያንን ሁሉ ድሮ ንስሐ ገብታበታለች፣ ምን እንደተረጎመችም አታስታውስም። በስልክ የሚሆን አይደለም፣ ራሴው እሄዳለሁ፣ እስክደርስ ወሬውን እንዳያቋርጥ፣ አልኳት፤ ይሄንንስ?

ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«እንዴት ያለ ቃል ነው» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «ጥቅሱ የት ላይ ነው?»

ያንቺ ነው ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። ለአንድ ዲሽ ብለሽ፣ ሳቅሽ አፍሽ ላይ እያለ የፈጠርሽው ነው ልላት። አላልኳትም፤ ፈልጌ እነግርሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። አሁን እግዜርም ምሳ ላይ ይሁን መንገድ ላይ አላውቅም፤ ያቺን ሳትተረጉም ቀድማ ትስቅ የነበረችውን ልጅ ግን ማን ጋ ደውዬ እንደማገኛት ነው የጠፋኝ።