የመካነ ብርሃንን ሐምሌ አላምን ያለኝ ሰውዬ

ከጎንደር የወጣሁ ዕለት ጠዋት እናቴን ሻንጣዬ ውስጥ አምስት ኪሎ ሽሮ ስትከት ያዝኳት።

"እማዬ፣ ስልጠናው እኮ ሁለት ሳምንት ነው!"

ቀና ብላም አላየችኝ። "እኔ ምን አልኩ? ብርድ አገር ሰው ይርበዋል" ብላ በርበሬውንም ጨመረችበት። ሰፈራችን ተኩስ መሰማት ከጀመረ ሰንብቷል። እንደማልመለስ ታውቃለች፤ እንደምታውቅ አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ስለ ሽሮ ብቻ አወራን። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ስትስመኝ ግን ጉንጯ እርጥብ ነበር።

ጀርመን ገብቼ ጥገኝነት ጠየቅሁ። ሽሮው ሳያልቅ ለቃለ መጠይቅ ይጠሩኛል ብዬ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሽሮውም በርበሬውም አልቆ፣ የተቀቀለ ድንች ባዶውን መዋጥ ከለመድኩ በኋላ ነው የጠሩኝ። መርማሪው ካመነኝ እኖራለሁ፤ ካላመነኝ መመለስ ነው። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ወዲያ የሄደም አይመስለኝ። መርማሪው መነጽሩን ወልውሎ ከልጅነቴ ጀመረ።

"ትምህርት ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴን የት ታሳልፊ ነበር?"

"መካነ ብርሃን፣ አያ ዘለቀ ቤት። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።"

"የሚዋኙበት ሐይቅ አለ?"

"ኧረ የምን ሐይቅ! ተራራ ነው። ጋቢ ተከናንበን እሳት ስንሞቅ ነበር የምንከርመው።"

ብዕሩን አቆመ። "በሐምሌ?"

"በሐምሌ። በረዶም ይወርዳል።"

አስተርጓሚው ወደ እኔ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ ለእነዚህ ሰዎች ሐምሌ ማለት ፀሐይ ነው። ውሸታም ነው የሚሉሽ። ባሕር ዳር ሄደን ዋኘን በይና እንገላገል።"

"አንተ ያልኩህን ተርጉም!" አልኩት። ተናድጄ ነበር። ልጅነቴን ማንም አይቀይርብኝም!

የእኛን አገር ሐምሌ እናንተ ታውቁታላችሁ። አባቴ የሆስፒታል ነርስ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ "ልጆቼ አየር ይቀይሩ" ሲል ከርሞ፣ ክረምት ሲገባ እኔንና ሁለቱን ወንድሞቼን ከደባርቅ በላይ በአይሱዙ ጭነት ላይ ይጭነናል። ጭቃ መኪናውን ሲይዘው ወርደን እንገፋለን፤ አየር መቀየሩ ይኼ ነው። ስንደርስ አያ ዘለቀ ሦስታችንንም በዓይናቸው መዘን አድርገው "ሸጋ! ሦስት ጠባቂ መጣልኝ" ይላሉ። ከማግስቱ ጀምሮ ሥራችን ገብሱን ከጭላዳ ዝንጀሮ መጠበቅ ነው። አንድ ቀን እኔ ነገረኛዋ፣ አሳዝኖኝ፣ ለአንዱ ጭላዳ ዳቦ ወረወርኩለት። በነጋታው ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ ከተፍ አለ። አያ ዘለቀ የተጋጠውን ማሳ ቆመው አዩና "ምነው የሺ፣ ድግስ ስትጠሪ ለእኔ ሳትነግሪኝ?" አሉኝ። ማዘን ሲገባኝ በሳቅ ሞትኩ።

ይህንኑ ለመርማሪው ነገርኩት።

"ለዕረፍት ሄደሽ ዝንጀሮ ትጠብቂ ነበር?"

"አዎ።"

"እንዴት አድርገሽ?"

አስተርጓሚው "ተይው ባክሽ" እያለኝ ተነሥቼ ቆምኩ። እጄን ወደ አፌ አስጠግቼ፣ አያ ዘለቀ እንዳስተማሩኝ፣ "ኧረረረ ሃይ! ውጣ ከገብሴ!" ብዬ ለቀቅሁት። ጥበቃው በሩን በርግዶ ገባ። አስተርጓሚው ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። መርማሪው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ረጅም ነገር ጻፈ።

ከአምስት ወር በኋላ ፈቃዱ መጣ። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ የታችኛዋ ጎረቤቴ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያዋን ደበደበች። ትምታ፣ ምን ገዶኝ! ቀጥሎ የጉዞ ሰነድ ሰጡኝ፤ ሰማያዊ፣ የሚያምር ነገር። ገልጬ ሳነብ ለሁሉም አገር ይሠራል ይላል፣ ከኢትዮጵያ በቀር። ደግሜ አነበብኩት። ያው ነው።

እሁድ አያ ዘለቀ ጋ ደወልኩ።

"አያ፣ ወረቀቱ ተሰጠኝ!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ተጨንቀን ነበር እኮ። እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ነይ እንጂ!"

"ሥራ ይዣለሁ፣ አያ።"

"ሥራ የትም አይሄድም። እኔ ዓይኔን ሞራ እየጋረደው ነው፤ መልክሽን ሳልለይ እንዳልቀር። መቼ ልበል?"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። 

"ለሚመጣው ክረምት፣ አያ" አልኳቸው።

አመኑኝ።