የኢብቲሳም አቧራ

የወንድሜ ልጅ ኢብቲሳም አቧራ እየሠራች ትኖራለች። ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ይሄንኑ ነው። «ረሂማ ደግሞ፣ ከተማችን መርሳ አቧራ አንሷት ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ተዳዬ! ለፊልም የሚሆን ጭስ፣ አቧራና ጎርፍ በኮምፒውተር ትሠራለች። ወልድያ ተምራ አዲስ አበባ ሥራ ይዛ ነበር፤ አባቷን ኢዘዲንን ልቡን ሲያመው ጣጥላ መጣች። እናቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ከሷ ሌላ ማን አለው?

አንድ ቀን እስቲ ሥራሽን አሳዪኝ አልኳት። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች በመስመር ተያይዘዋል፤ ነገሩ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ብርቱካን ማሳችን ቦይ ይፈሳል። ኮምፒውተሩ እያንዳንዷን ብናኝ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስዳት ያሰላል፣ ያሰላውንም ምስል በምስል ዲስክ ላይ ያስቀምጣል። ካላስቀመጠው ባዩት ቁጥር እንደገና ከሀ መጀመር ነው። «አክስቴ፣ አንዴ የተወቃ እህል ተመልሶ አይወቃም፤ ጎተራ ይገባል» አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ፊልም ሠሪ፣ ገበሬ ምርቱን በመንሽ ሲያዘራ የሚነሳውን እብቅ ሥሪልኝ አላት። ካማረለት እዚሁ ሆና የምትሠራው ቋሚ ሥራ ሊሰጣት ነው። ካላማረለት አዲስ አበባ መመለሷ ነው፣ ኢዘዲንም ብቻውን መቅረቱ። ማስረከቢያው ነገ ጠዋት ሆኖ፣ ኮምፒውተሩን እያሰላ ትታው የአባቷን መድኃኒት ልትገዛ ወጣች። ይሄኔ ሰማዩ ጓ አለ።

እኛ አገር ነጎድጓድ ሲመጣ የተሰካ ነገር ሁሉ ይነቀላል። ወደ ቤታቸው ሮጬ ስደርስ ኢዘዲን ግድግዳ ተደግፎ ተነስቶ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቅሎ፣ በእጁ ይዞት ተቀምጧል። ኢብቲሳም በስብሳ ገባች።

«መብረቅ እንዳይመታብሽ ነቀልኩልሽ» አላት፣ ደስ ብሎት።

አፌን ልከፍት ስል በዓይኗ ያዘችኝ። «ጀዛከላህ አባዬ፣ ደግ አደረጉ» ብላ ጉልበቱን ሳመች። አንጀቴን በላችው።

ዝናቡ ሲያባራ መልሳ ሰካችው። አልሐምዱሊላህ! ገመዱ ሲነቀል ስትጻፍ የነበረችው አንዷ ምስል ብቻ ተበላሽታለች፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ዲስኩ ላይ አለ። ካቆመበት ቀጠለች፣ ጠዋት ላከችው። ሰውየው ወደደላት፤ ልጅቷም ከአባቷ ጋር ቀረች።

ኢዘዲን ዘንድሮ ከአልጋ አይነሳም። እሷ ረጅም ገመድ ገዝታ መሰኪያውን አልጋው ራስጌ አድርጋዋለች። ሰማይ ማጉረምረም ሲጀምር ሥራዋን ታቆምና «አባዬ፣ ይንቀሉልኝ» ትለዋለች። አንዴ፣ እንጀራሽ እኮ ነው፣ ቢበላሽስ ብዬ ተቆጣኋት። «ያለው ተቀምጧል አክስቴ» አለችኝ።

እሱ የከሳ እጁን ሰዶ ይነቅልላታል።

«አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል።