ብድግ ያልኩላቸው የፓርላማ ሰው

በስደት በምኖርባት ሳክሲ ከተማ ቤታቸው ሄጄ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ክሮኤሺያዊ ናቸው። አገራቸው ሳሉ የአንድ ቀኝ አክራሪ ፓርቲ መሪ ሆነው ብዙ ዘመን ፓርላማ ተቀምጠዋል። አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸው ሴት ልጃቸው ጋ ይኖራሉ።

በመጀመሪያው ቀን ሳሎን ሲገቡ፣ ያው አስተዳደጌ ነውና፣ ብድግ አልኩ። ቆም ብለው አዩኝ። ሹራባቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው በቋንቋቸው ንግግር ጀመሩ። ማለቴ፣ የምር ንግግር፤ ጠረጴዛ እየደበደቡ። ትልቅ ሰው እየተናገረ አይቀመጥምና፣ ምንም ሳይገባኝ ቆሜ ሰማሁ። ሲጨርሱ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ።

በቀደም ልጃቸው ከሥራ ኦፍ ሆና ቤት ስለነበረች፣ “ምንድነው የሚሉት?” አልኳት።

አፈረች። “የድሮ የምርጫ ንግግሩ ነው። ስደተኛ ድንበራችንን አይረግጥም ነው የሚለው። ሶሪ።”

ሳቄ መጣ። የዚያን ቀን ግን ንግግራቸውን ሲጨርሱ አልተቀመጡም። የውጭው በር ጋ ወደቆምኩበት መጥተው የዩኒፎርሜን እጅጌ ያዙ። በሩን በትከሻዬ ላይ አሻግረው እያዩ፣ ቀስ ብለው አንድ ነገር ደጋግመው ለመኑኝ።

ልጃቸውን አየኋት።

“ምን አሉ?”

“የድንበር ጠባቂ መስለኸዋል። ‘አገሬ እኮ ነው፣ እባክህ አሳልፈኝ’ እያለህ ነው።”

ከበሩ ዞር አልኩላቸው።